ከገበታው መጀመር፦ የዕድገትና የስሜት ሕዋሳት ችግር ላለባቸው ልጆች በቤት የሚሰጥ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ድጋፍ

«ኦኩፔሽናል ቴራፒ» የሚለውን ስያሜ አንዳንድ ጽሑፎች «የሙያ ሕክምና» ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ትርጉም ወላጅን ያሳስታል፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰው ሥራውን በራሱ እንዲሠራ የሚረዳ ሙያ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ሥራ («ኦኩፔሽን») የተባለው ደመወዝ የሚከፈልበት ሳይሆን ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ እስኪተኛ ድረስ የሚያከናውነው የዕለት ተግባር ነውና። የአንድ የ5 ዓመት ልጅ ሥራው መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መጫወት፣ ፊደል መቁጠርና ከእኩዮቹ ጋር መዋል ነው። ባለሙያው ስለ ልጁ ሕመም ከመጠየቁ ጎን ለጎን «ልጁ ዛሬ ምን ማድረግ ፈልጎ አቃተው? ያቃተውስ የትኛው ላይ ሲደርስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚከተለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ሙያው በኢትዮጵያ ገና ወጣት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ኦኩፔሽናል ቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት መንገዱን የጠረጉት በአብዛኛው ወላጆች ናቸው፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው ነበር። ዛሬም ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም፣ ሴሬብራል ፓልሲ (በአእምሮ ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ወይም ስሙ ተለይቶ ያልታወቀ የዕድገት መዘግየት ያለባቸው ልጆች አብዛኛውን ድጋፍ የሚያገኙት ከእናት፣ ከአባት፣ ከአያት፣ ከታላቅ እህትና ከሞግዚት እጅ ነው። ይህን የጻፍኩት ለእነርሱ ነው። የባለሙያን ምርመራ አይተካም፤ ነገር ግን ወረፋ እየተጠበቀም ሆነ ባለሙያ በሌለበት ከተማ፣ ቤት ውስጥ ባለው ዕቃ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።

አንደኛ፦ ሐኪም ሊያየው የሚገባውን አስቀድሞ መለየት

ማንኛውም ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የልጁ ጆሮና ዓይን ይመርመር። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ግትር ነው ወይም ኦቲዝም አለበት ከመባሉ በፊት መስማቱ መረጋገጥ አለበት። በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ በ18 ወሩ የማይራመድ ወይም 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃላት የማያጣምር ልጅ ምርመራ ያስፈልገዋል። እነዚህ ዕድሜዎች ልጅን ለመፈረጅ የተቀመጡ አይደሉም፤ «ያድጋል፣ ይተወዋል፣ አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» እየተባለ ውድ ጊዜ እንዳያልፍ የሚያስታውሱ ናቸው። ሲናገር የነበረ ልጅ ንግግሩን ከተወ፣ ወይም ድንገት ፈዞ ቀርቶ ከቆይታ በኋላ የሚመለስ ከሆነ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ዘግይቶ የሚራመድ፣ እግሩ የጎበጠ ልጅ ችግሩ ፀሐይ ባለማግኘት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ፣ ማለትም ሪኬትስ፣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በሕክምና የሚስተካከል ነው። 1 ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ሕፃንም ሌላው እጁ ደክሞ እንደሆነ መመርመር አለበት።

መናገር የማይችል ልጅ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠም ጥርሱን፣ ጆሮውን ወይም ሆዱን አሞት እንደሆነ ማየት ይቀድማል። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችን አደራ የምላቸው አንድ ነገር አለ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ልጅ መድኃኒቱ በድንገት ሊቋረጥበት አይገባም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

ሁለተኛ፦ አንድ ተግባር መምረጥ

ወላጅ ሲጨነቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያስተካክል ይነሣል፤ ልጁ እንዲናገር፣ እንዲጽፍ፣ እንዲለብስ፣ እንዳይጮህም ይፈልጋል። በዚህ መንገድ የተጀመረ ድጋፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤተሰቡንም ልጁንም ያዝላል። ስለዚህ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚደረግ፣ ልጁ በከፊል የሚችለውና ቢሳካ የቤቱን ኑሮ በእውነት የሚያቀል አንድ ተግባር ይምረጡ። «መብላት ይቻለው» የሚለው ሰፊ ነው፤ «በምሳ ሰዓት አምስት ጉርሻ በራሱ እጅ ይጉረስ» የሚለው ግን ሊታይና ሊቆጠር ይችላል። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የሚያመለክቱት ይህንኑ ነው፤ እጅና እግርን እንዲሁ ከማሸትና ከማንቀሳቀስ ይልቅ ልጁ ሊሠራው የሚፈልገውን ተግባር ራሱን ደጋግሞ መለማመድ የተሻለ ውጤት ያመጣል።

ሦስተኛ፦ ለ7 ቀን ሳይጣደፉ ማየት

አንድ ደብተር ያዘጋጁና ለ7 ቀን ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፤ ነገሩ ከመከሰቱ በፊት ምን ነበረ፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላስ ሰዎች ምን አደረጉ። ለምሳሌ ሚኒባስ ውስጥ የሚጮህ ልጅ «ታክሲ አይወድም» ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ ሲመዘገብ ግን የሚጮኸው በሩ በኃይል ሲዘጋና ረዳቱ ከጆሮው ሥር ሲጣራ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ መፍትሔው ከበሩ ርቆ በመስኮት በኩል ማስቀመጥ ይሆናል፤ ጉዞውን መተው አያስፈልግም።

ይህን መዝገብ ለመረዳት ስለ ስሜት ሕዋሳት ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። በትምህርት ቤት የተማርናቸው ማየት፣ መስማት፣ መቅመስ፣ ማሽተትና መዳሰስ ናቸው፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ግን ሦስት ይጨምራሉ። የመጀመሪያው ከውስጠኛው ጆሮ የሚመጣው የሚዛንና የእንቅስቃሴ ስሜት ነው። ሁለተኛው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው፣ ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ እጃችን የት እንዳለ የሚነግረን ስሜት ነው። ሦስተኛው ራብን፣ ጥማትን፣ የሽንት መምጣትንና ሕመምን የሚያሳውቀው የውስጥ አካል ስሜት ነው። አሜሪካዊቷ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ጂን ኤየርስ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያስተማሩት ነገር ቢኖር አንዳንድ ልጆች ከእነዚህ ምንጮች የሚመጣላቸውን መረጃ አእምሯቸው አደራጅቶ ለመጠቀም እንደሚቸገር ነው። ለአንዱ ልጅ የሹራብ ክር እንደ መርፌ ይወጋዋል፤ ሌላው ወድቆ ጉልበቱ እየደማ አያለቅስም፤ ሦስተኛው ካልተሽከረከረና ካልዘለለ ሰውነቱን የሚያውቀው አይመስልም። አንድ ልጅ ድምፅን እየሸሸ እንቅስቃሴን ግን ሊያሳድድ ይችላል፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ እያንዳንዱን ስሜት ለየብቻ ይዩት።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መነገር አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ በስሜት ሕዋሳት ላይ ያተኮሩ ሕክምናዎች የምርምር ማስረጃቸው ውስን መሆኑን ለወላጆች መንገር እንደሚገባ፣ ሕክምናው ሲሞከርም ግልጽ ግብና የመገምገሚያ ጊዜ ሊቀመጥለት እንደሚገባ አስገንዝቧል። እኔም የምመክረው ይህን ነው። ቆዳ የሚታሽበት ብሩሽ፣ ዥዋዥዌ ወይም ከባድ ብርድ ልብስ በራሱ ግብ ሊሆን አይችልም፤ ልጁ የበላው፣ የለበሰው፣ የተጫወተው ተግባር ነው ሊለካ የሚገባው።

አራተኛ፦ ልጁን ከመለወጥ በፊት ቦታውንና ዕቃውን መለወጥ

ይህ እርምጃ ወጪ የለውም፤ ውጤቱም ፈጥኖ ይታያል። የአንገት ምልክቱ የሚያሳክከውን ልብስ ምልክቱን ፈትተው ያውጡት፤ ስፌቱ የሚረብሸውን ካልሲ ገልብጠው ያልብሱት። የዕጣንና የቡና ጭስ የሚያስቸግረው ልጅ ቡናው ሲቆላ በር አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። ቴሌቪዥን እየጮኸ፣ እንግዳ እየገባ እየወጣ አዲስ ነገር አያስተምሩት። ሠርግ፣ የድምፅ ማጉያ ያለበት ጉባኤ ወይም ከበሮ የሚመታበት በዓል ላይ ዳር ይቀመጡ፣ መውጫውን አስቀድመው ይዩ፣ ከአቅሙ በላይ ከመሆኑ በፊት ይዘውት ይውጡ። ጆሮ የሚሸፍን መከላከያ ካገኙ በእንዲህ ያለ ቦታ ይጠቅማል፤ ቀኑን ሙሉ ከተደረገ ግን ጆሮው ተራውን ድምፅ መልመድ ያቅተዋል።

አምስተኛ፦ ገበታ

በዚህ ክፍል ላይ መዘግየት እፈልጋለሁ፤ በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ውስጥ ልጅ የሰው ወግ የሚማረው ገበታ ላይ ነው፣ ብዙ ቤተሰብም ተስፋ የሚቆርጠው እዚያው ነውና።

በአቀማመጡ ይጀምሩ። ሰውነቱ የሚወላገድ ልጅ ጉልበቱን ሁሉ ላለመውደቅ ያውለዋል፤ ለእጁና ለአፉ የሚተርፍ የለውም። ወንበሩ ወይም በርጩማው እግሩን መሬት የሚያስነካ ይሁን፤ ካልደረሰ ከእግሩ ሥር ሣጥን ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ያኑሩ። ጎኑና ጀርባው በትራስ ይደገፍ። ትሪው ወይም መሶቡ ከደረቱ በታች፣ ክንዱ ሊያርፍበት በሚችል ከፍታ ላይ ይሁን። ልጅን አንጋሎ ወይም ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀልሶ ማጉረስ ምግብ ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋልና ፈጽሞ መቅረት አለበት። ሲበላ የሚያስለው፣ ከዋጠ በኋላ ድምፁ እርጥብ የሚመስል ወይም የሳንባ ምች የሚደጋገምበት ልጅ የመዋጥ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል፣ የሚከተለውን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው።

ቀጥሎ የጉርሻ ጉዳይ አለ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ዘመድ ሁሉ በልጁ አዝኖ ሲያጎርሰው ግን ልጁ በቀን ውስጥ እጁን የሚያንቀሳቅስበት ምክንያት አይኖረውም። ትልቅ ጉርሻ ደግሞ ማኘክ ለሚቸገር ልጅ አደጋ ነው። ለቤተሰቡ በቅድሚያ ይንገሩ፤ ፍቅራቸውን በትንሽ ጉርሻና የልጁ ተራ ካለፈ በኋላ ይግለጹ።

እንጀራ መብላት ለእኛ ቀላል ይምሰል እንጂ ቢያንስ አምስት ሥራ አለበት፤ መቁረስ፣ ወጡን ማጥቀስ፣ መጠቅለል፣ ወደ አፍ ማድረስና መጉረስ። ይህን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያስተምሩ። መጀመሪያ እርስዎ ቆርሰው፣ አጥቅሰውና ጠቅልለው በጣቶቹ መካከል ያኑሩለት፤ የእርሱ ድርሻ ወደ አፉ ማድረስ ብቻ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ሥራው ሁልጊዜ በእርሱ እጅ ይጠናቀቃል፤ የጠገበውም የተደሰተውም በራሱ ጥረት ይሆናል። ይህ ለተከታታይ ቀናት ሲለመድ የተቆረሰውንና የተጠቀሰውን ራሱ እንዲጠቀልል ይተዉለት፤ ከዚያ እንዲያጠቅስ፣ በመጨረሻም እንዲቆርስ። መቁረስ ከሁሉ ይከብዳል፤ በአንድ እጅ አውራ ጣትና ሌሎች ጣቶች እየተቀናጁ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይስባልና። መጀመሪያ በሁለት እጁ ይቁረስ፣ ወይም እርስዎ ጫፉን በትንሹ ቀደም አድርገው ይስጡት። እጅዎን በእጁ ላይ አድርገው ሲረዱት ከኋላው ሆነው እንጂ ከፊቱ ተቀምጠው አይሁን፤ የእጅዎ አቅጣጫ ከእርሱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከመርዳትዎ በፊትም በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ። ብዙ ልጆች ትእዛዙን ሰምተው ሰውነታቸውን ለማዘዝ ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እኛ ግን በ2 ሰከንድ ውስጥ እንቀማቸዋለን።

ቀኝ እጁ የደከመ ልጅ በግራ እጁ እንዲበላ ይፈቀድለት። በባህላችን ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሆኖም ግራውን በሚገባ አስታጥቦ በክብር ራሱን እንዲመግብ ማድረግ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ እንዲጠብቅ ከማድረግ ይሻላል፤ ደካማው እጅም ትሪውን እንዲይዝ ይደረግ እንጂ ከጠረጴዛው በታች አይረሳ።

እርጥብ ነገር በጣቱ ላይ ሲነካ የሚጸየፍ ልጅስ? እርጥብ ፎጣ አጠገቡ ያኑሩና በፈለገ ጊዜ እንዲጠርግ ይፍቀዱለት፤ መጥረግ እንደሚችል ያወቀ ልጅ ለመንካት ይደፍራል። የእንጀራው መለስለስና መምጠጥ የሚያስቸግረውን ልጅ በድርቆሽ ወይም በቂጣ ያስጀምሩት፤ ከዚያ ደረቅ ያለ እንጀራ፣ ከዚያ ጫፉ ብቻ አልጫ የነካው፣ እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ ይሂድ። አዲስ ምግብ በሳህኑ ዳር ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ ማሽተት፣ መንካት፣ በከንፈር ማስነካት። አንድ ምግብ ከመወደዱ በፊት ከ10 ጊዜ በላይ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል። አፉን ፈልቅቆ ማጉረስ ያን ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ያፈርሰዋል።

ስድስተኛ፦ ልብስና ፀጉር

ከመጨረሻው መጀመር ለልብስም ይሠራል። ሹራቡን እርስዎ ከአንገቷ አሳልፈው እጆቿን አስገብተው፣ ልጅቱ ከሆዷ ላይ ወደ ታች ትጎትተው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን እጅ ራሷ ታስገባ። ጫማ ላይ የግራና የቀኙን ውስጠኛ ጠርዝ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቶቹ ጎን ለጎን ሲገጣጠሙ ትክክል ነው ማለት ነው።

ሹሩባ ስትሠራ የምታለቅስ ልጅ ማባበል ብቻ አይበቃትም። ከመሠራቷ በፊት ጭንቅላቷን በመዳፍዎ ሞላ አድርገው ጫን ይበሉት፤ ስስ ንክኪ የሚያስደነግጣቸው ብዙ ልጆች ጠንከር ያለውን ይቀበላሉ። ሥራውን በሁለት ሦስት ቀን ይከፋፍሉት፣ ስንት ጉንጉን እንደቀረም አብረው ይቁጠሩ። የፀጉር መቁረጫ ማሽን የሚፈራ ልጅም ማሽኑን መጀመሪያ ጠፍቶ ይንካ፣ በሌላ ቀን ርቆ ሲሠራ ይስማ፣ ከዚያ በእጁ ጀርባ ላይ ይሞክረው።

ሰባተኛ፦ ሰውነትን የሚያረጋጋ ሥራ

ጡንቻና መገጣጠሚያን የሚያሠራ ከበድ ያለ እንቅስቃሴ ብዙ ልጆችን ያረጋጋል፤ ለዚህም የቤታችን ሥራ ከማንኛውም የተገዛ መሣሪያ አይተናነስም። ሊጥ ማቡካት፣ በሳፋ የታጠበ ልብስ መጭመቅ፣ በሙቀጫ መውቀጥ፣ ውሃ የያዘ ትንሽ ጄሪካን ከቦታ ቦታ ማድረስ፣ ወንበር መግፋት፣ ሁሉም ይጠቅማሉ። ክብደቱ ልጁ ሳይጎብጥ የሚሸከመው ይሁን። ይህን የሚያደርጉበት ሰዓት ወሳኝ ነው፤ ልጁ ከተረበሸ በኋላ ሳይሆን ከሚያስቸግረው ጊዜ 10 ወይም 15 ደቂቃ አስቀድሞ፣ ለምሳሌ ከጥናት ወይም ከምሳ በፊት ይሁን። ሥራውም ለማስመሰል አይሁን፤ ያመጣው ውሃ ለቡናው ይጣድ፣ ያቦካው ሊጥ ይጋገር፣ ቤተሰቡም ይቅመስለት።

ጋቢ አጥፎ በትከሻው ላይ ማልበስ ወይም ሰውነቱን ጠበቅ አድርጎ መጠቅለልም ለአንዳንድ ልጆች ዕረፍት ነው። ፊቱ አይሸፈን፣ ራሱ ፈትቶ መውጣት ይቻለው፣ ተኝቶ ሳለ አይታሰር፤ ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ክብደት ያለው ነገር በፍጹም አይደረግበት። ዥዋዥዌ ሲጫወት ፊቱ ከገረጣ፣ ካላበው ወይም ካቅለሸለሸው ወዲያው ይቁም።

ስምንተኛ፦ ጣትና ፊደል

እርሳስ ከመያዝ በፊት ጣት ይጠንክር። ምስር መልቀም፣ የባቄላ እሸት መፈልፈል፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት ጥሩ ልምምዶች ናቸው፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ለሚከት ልጅ ግን ጥራጥሬ ያንቃልና በትልቅ የሊጥ ድብልብል ይተኩት። ረጅም እርሳስ በጭብጥ ለመያዝ ይጋብዛል፤ ቁራጭ ጠመኔ ወይም አጭር እርሳስ ግን በጣት ጫፍ ካልሆነ አይያዝም። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ መጻፍ ደግሞ ትከሻንና የእጅ አንጓን ያጠነክራል።

ፊደላችን የራሱ ችግር አለው። «ለ» እና «ሉ»፣ «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት በአንዲት አጭር ጭረት ነው፤ በ«ሉ» ላይ ከቀኝ እግሩ መካከል፣ በ«ሊ» ላይ ከቀኝ እግሩ ሥር ትወጣለች። ቀኝና ግራን፣ ላይና ታችን ለመለየት ለሚቸገር ልጅ የፊደል ገበታውን በቃል ማነብነብ ይህን አያስተምረውም። ግዕዙን በትልቁ ጽፈው ጭረቷን በክብሪት እንጨት ወይም በሊጥ ራሱ እንዲያስቀምጥ ያድርጉት፤ ቦታዋን በእጁ ካወቀ በኋላ በጣቱ አሸዋ ላይ፣ ከዚያ በጠመኔ ይጻፍ። በአንድ ጊዜ ሁለት ፊደል ይበቃል።

ለመምህሩ የሚነገረው አጭር ይሁን፤ ልጁ ከበር ርቆ ፊት ለፊት ቢቀመጥ፣ በየመሐሉ ሰሌዳ እንዲያጠፋ ወይም ደብተር እንዲያድል ቢላክ፣ ትእዛዝም አንድ በአንድ ቢሰጠው።

ዘጠነኛ፦ በ4ኛው ሳምንት መመዘን

በየቀኑ አንድ ቁጥር ብቻ ይመዝግቡ፤ ስንት ጉርሻ በራሱ እጅ፣ ስንት ጊዜ ሹራቧን ራሷ ጎተተች። በ4ኛው ሳምንት ቁጥሩ ካደገ እርዳታዎን በአንድ ደረጃ ቀንሰው ይቀጥሉ። ካላደገ ልጁን አይውቀሱ፤ እርምጃው ትልቅ ሆኖ እንደሆነ ለሁለት ይክፈሉት፣ ሰዓቱ ልጁ የሚደክምበት እንደሆነ ይለውጡት፣ አቀማመጡንም ዳግም ይዩ። ሁለት ጊዜ አስተካክለው ለውጥ ከጠፋ ግን ሌላ ተግባር መምረጥ ተገቢ ነው።

ወደ ባለሙያ የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ደብተሩን ይያዙ፤ በስልክዎ የተቀረጸ የ2 ደቂቃ ቪዲዮም ይጨምሩበት። ቪዲዮው ልጁ ቤቱ ውስጥ፣ በራሱ መቀመጫ፣ ከለመደው ትሪ ሲበላ የሚያሳይ፣ ፊቱ፣ ሁለት እጆቹና እግሮቹ አብረው የሚታዩበት ይሁን። በማያውቀው ክፍል፣ በማያውቀው ሰው ፊት ልጅዎ ይህን ላያሳይ ይችላል፤ ባለሙያው ደግሞ ማየት የሚፈልገው በዕለት ኑሮው የሚያደርገውን ነው።